የቡና ለቀማና የኳታሩ ዋንጫ፤ የመጀመሪያው ዙር ደጋፊውን ምን አደረገው?

ሐዋሳ፣ ኅዳር 16 ቀን 2015 ዓ.ም

የዓለም ዋንጫ በልማዱ የሰኔና የሐምሌ እንግዳ ነው። በዚያ ወቅት ሰማዩ ዳምኖ፣ መንገዱ ጨቅይቶ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ስለሚገባ ኳስ ማየት ከሥራ ጋር ብዙም አያጋጭም። ዘንድሮ ግን የኳታር የክረምት ወራት ሐሩር ውድድሩን ወደ ኅዳር ገፍቶታል። ኅዳር ደግሞ በሲዳማ እሸት ቡና የሚቀላበት፣ የሚለቀምበትና የሚፈለፈልበት፣ ገበሬው የዓመት ልፋቱን ዋጋ የሚቆጥርበት ወር ነው። ዋንጫው ሥራ በበዛበት ቤት ድንገት እንደደረሰ እንግዳ ገብቶ ተቀምጧል፤ እንዲሄድ የሚፈልግ ሰው ግን አልተገኘም።

የሰዓቱ ጉዳይ ነገሩን አብሶታል። ኳታርና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ የሚደረግና ሰው ተኝቶ የሚያልፈው ጨዋታ የለም። አራቱም የዕለቱ ጨዋታዎች ሰው በነቃበት ሰዓት ይካሄዳሉ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እና 4 ሰዓት። መርሐ ግብሩን ያወጣው አካል የአለታ ወንዶን ወይም የዳሌን የቡና ሥራ በስውር አጥንቶ የተነሣ ይመስላል። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው የታጠበ ቡና የቀትሩ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው የሚሸፈንበት ሰዓት ነው። በ10 ሰዓት ለቃሚዎች ከማሳ እየተመለሱ ቀዩን ከአረንጓዴው ይለያሉ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ እሸቱ ሚዛን ላይ ነው። በ4 ሰዓት መፈልፈያው ይጮኻል፤ ቀን የተለቀመ እሸት ሳይፈለፈል ከቆየ መብላላት ጀምሮ ጣዕሙ ስለሚበላሽ ማሽኑ ለብራዚልም ሆነ ለፈረንሳይ ሲል ሥራውን አያሳድርም።

ከተሜውም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት የሚያበቃው የ7 ሰዓቱ ጨዋታ ሞቅ ማለት ሲጀምር ነው። ጉዳይ ለማስፈጸም የመጣ ባለጉዳይ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን የቆየ መልስ በዚህ ሰሞን ደጋግሞ ቢሰማ ሊቀየም አይገባም። ስብሰባው በእርግጥ ተጠርቷል፤ ሰብሳቢው ግን ፊሽካ በአፉ የያዘ ሰው ነው። የስብሰባው ማብቂያም አይታወቅም፤ ዳኞች የባከነውን ሰዓት አንድ በአንድ እየቆጠሩ መመለስ በመጀመራቸው የእንግሊዝና የኢራን ጨዋታ የመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 14 ደቂቃ ተጨምሮበታል። ለወትሮው 90 ደቂቃን እንደ ሁለት ሰዓት አድርጎ ለሚስቱ የሚያስረዳ ደጋፊ አሁን በሦስተኛው ሰዓት ላይ ምን እንደሚል መላው ጠፍቶታል።

ከኅዳር 11 እስከ ኅዳር 15 ድረስ 32ቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ ተጫውተዋል። በ16 ጨዋታ 41 ግብ ተቆጥሯል፤ አራት ጨዋታዎች ደግሞ ባዶ ለባዶ አልቀዋል። ክፍፍሉ ከወረዳ ወረዳ እንደሚለያይ ዝናብ ነው። የእንግሊዝና የኢራን 6 ለ 2፣ የስፔንና የኮስታሪካ 7 ለ 0፣ የፈረንሳይና የአውስትራሊያ 4 ለ 1፣ የፖርቱጋልና የጋና 3 ለ 2፤ እነዚህ አራቱ ብቻ 25 ግቦችን ወስደዋል። የቀሩት 12 ጨዋታዎች 16 ግብ ተካፍለዋል። ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ፣ ለስላሳ አዝዞ፣ ዴንማርክና ቱኒዚያ 90 ደቂቃ ሙሉ አንዲት ግብ ሳያገኙ ሲለያዩ የተመለከተ ሰው ከማንም በላይ ሊታዘንለት ይገባል።

የሳምንቱ ትልቅ ሐዘን የወረደው ማክሰኞ ኅዳር 13 ቀን ነው። አርጀንቲና ወደ ሉሳይል ስታዲየም የገባችው በ36 ተከታታይ ጨዋታ ሳትሸነፍ ቆይታ ነበር። ሊዮኔል ሜሲ በ10ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲያስቆጥር የሐዋሳ የአርጀንቲና ደጋፊ ቀሪውን ጨዋታ ለእረፍት የሚያውለው መስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው አጋማሽ ሦስት ጊዜ ከመረብ ያረፈው ኳስ ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሽሯል። ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ መቀመጥ ለጉልበትም ለክብርም አይበጅም። ከእረፍት መልስ ሳሌህ አልሸህሪ በ48ኛው፣ ሳሌም አልዳውሳሪ በ53ኛው ደቂቃ አስቆጠሩና ሳዑዲ ዓረቢያ 2 ለ 1 አሸነፈች። በማግስቱ ሳዑዲዎች ሥራ ዘግተው በዓል አደረጉት። በሐዋሳ ግን ረቡዕ የሥራ ቀን ነበር፤ የአርጀንቲናን ማሊያ አድርጎ ማክሰኞ ከቤቱ የወጣ ሰው ረቡዕ ደግሞ ያንኑ መንገድ ሹራብ ደርቦ ማለፍ ነበረበት። ልጆቻቸው በሪያድና በጂዳ ለሚሠሩ ቤተሰቦች የተደወለው ስልክ በዚያ ዕለት ከገንዘብ ሌላ ወሬም እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

በማግስቱ ተረኛዋ ጀርመን ሆነች። በፍጹም ቅጣት ምት ጃፓንን ስትመራ ቆይታ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች በሪትሱ ዶዋንና በታኩማ አሳኖ ሁለት ግብ ተቆጠረባት። ሁለቱም ተጫዋቾች እንጀራቸውን የሚበሉት በጀርመን ሊግ ነው፤ ዶዋን በፍራይቡርግ፣ አሳኖ በቦኹም። «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» የሚለው ተረት በጀርመንኛ ይኑር አይኑር አልተረጋገጠም እንጂ ቢኖር በዚያ ምሽት ይበቃቸው ነበር።

አስተናጋጇ ኳታርም ከዚህ አልተረፈችም። በዓለም ዋንጫ ታሪክ የመክፈቻ ጨዋታዋን የተሸነፈች የመጀመሪያዋ አዘጋጅ ሆናለች። ኢኳዶርም ይህን ያደረገችው ሳትደክም ነው፤ ኢነር ቫሌንሲያ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለቱን ግቦች ጨርሶ ሁለተኛውን አጋማሽ ለሥነ ሥርዓቱ ተወው። ደግሶ መራብ ማለት ይህ ነው።

የራሱ ቡድን ያልገባበት ሕዝብ ወደ ጎረቤት ልጅ ማየቱ የተለመደ ነው። ኢትዮጵያዊ ደጋፊ ለዚህ ውድድር አምስት አፍሪካውያን የማደጎ ልጆች አሉት፤ ሴኔጋል፣ ቱኒዚያ፣ ሞሮኮ፣ ካሜሩንና ጋና። በዓለም ዋንጫ ታሪክ ሁሉም የአፍሪካ ቡድኖች በአፍሪካውያን አሠልጣኞች ሲመሩ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የሚያኮራ ነገር ነው። ውጤቱ ግን እስከ አሁን አልተከተለም። አምስቱ በአንድ ላይ ሁለት ነጥብ አግኝተዋል፤ ያሸነፈ የለም፤ ግብ ያገባችውም ጋና ብቻ ናት። ሴኔጋል ሆላንድን እስከ 84ኛው ደቂቃ ድረስ ይዛ ቆይታ 2 ለ 0 ወደቀች። ሞሮኮ ከአራት ዓመት በፊት ለፍጻሜ ከደረሰችው ክሮኤሺያ ጋር ባዶ ለባዶ ወጣች፤ ይህ በወጉ ከታየ ከአምስቱ የተሻለው ውጤት ነው። ካሜሩንን 1 ለ 0 ያሸነፈው የስዊዘርላንዱ ብሬል ኤምቦሎ የተወለደው በያውንዴ ነው። ግቡን ካገባ በኋላ እጁን አንሥቶ ደስታውን ዋጠ፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ የካሜሩን ደጋፊ ግን ጨዋነቱን ከግቡ በፊት ቢያሳይ ይመርጥ ነበር።

ከሁሉም የጋናው አሟሟት የተለየ ነበር። ፖርቱጋል 3 ለ 2 እየመራች በባከነው ሰዓት መጨረሻ ላይ ግብ ጠባቂዋ ዲዮጎ ኮስታ ኳሱን መሬት ላይ አኖረ። ከኋላው ኢናኪ ዊሊያምስ መኖሩን አላየም። ዊሊያምስ እንደ ድመት ተሹለክልኮ ወጣ፤ ኳሱ እግሩ ሥር ደረሰ፤ ባዶ መረብ ከፊቱ ነበረ፤ ከዚያም አዳለጠው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ አህጉር ተነሥቶ ተቀመጠ።

ጋና ስትነሣ የሐዋሳ ደጋፊ ዝም አይልም፤ የዝምድና ሒሳቡን ያወጣል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ዋልያዎቹ አምና ኅዳር 2 ቀን በጆሃንስበርግ ከጋና ጋር በጌታነህ ከበደ ግብ 1 ለ 1 ወጥተዋል፤ ጋና በፖርቱጋል የተሸነፈችው በአንድ ግብ ነው፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ ከክርስቲያኖ ሮናልዶ የምትርቀው አንዲት ግብ ብቻ ነው። ሁለተኛው ስሌት ይብሳል። ሴኔጋል ወደ ኳታር ያለፈችው ግብጽን በመለያ ምት አስቀርታ ነው፤ ያችኑ ግብጽ ዋልያዎቹ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም በዳዋ ሆቴሳና በሐዋሳው ልጅ በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 ረትተዋታል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ከጥቂት እርምጃ በኋላ ራሱን ለፍጻሜ ሲያሰለፍ ያገኘዋል። ስሌቱ የሚዘልላቸው ነገሮች ግን አሉ። በዚያው ማጣሪያ ኢትዮጵያ በ6 ጨዋታ ያገኘችው 5 ነጥብ ነበር። ግብጽ የተሸነፈችውም በሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው፤ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ እዚያ ያደረጉት በሀገር ቤት ብቁ ተብሎ የተፈቀደ ስታዲየም በመጥፋቱ ነው። ሁለት የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ያላት ሐዋሳ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ከቀልዱ ለይታ ብታየው አይከፋም።

እንግዲህ ጥያቄው የመጀመሪያው ዙር ስለ መጨረሻው ምን ይናገራል የሚለው ነው። ታሪክ በሁለት አፍ ይመልሳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 አርጀንቲና በመክፈቻው በካሜሩን 1 ለ 0 ተሸንፋ ለፍጻሜ ደርሳለች። በ2010 ስፔን የመጀመሪያ ጨዋታዋን በስዊዘርላንድ ተሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። በአንጻሩ ፈረንሳይ በ2002 በሴኔጋል፣ ጀርመን በ2018 በሜክሲኮ ተሸንፈው ከምድባቸው ሳያልፉ ቀርተዋል፤ ሁለቱም የዋንጫው ባለቤት ሆነው የመጡ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን የወደቀ አንዱ ይነሣል፤ ሌላው እንደ ወደቀ ይቀራል።

ሐዋሳ ለዚህ የቅርብ ምሳሌ አላት። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በኔልስፕሩት የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠመች። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት አመለጠው፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያ መራች። በዚያ ሁሉ ላይ በሐዋሳ ያደገው አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። በጎዶሎ ቡድን ሻምፒዮኑን ያቆመች ሀገር የሚቀጥለውን ብትፈራ ይገርማል። የሚቀጥለው ግን ቡርኪና ፋሶ ነበረች፤ 4 ለ 0። ከዚያ ናይጄሪያ፤ 2 ለ 0፤ በዚያም ጨዋታ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጥቶ፣ ቅያሪ በማለቁ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆኗል። ዛምቢያም በሦስት አቻ ከምድቧ ወደቀች። ለፍጻሜ የደረሱት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ሆኑ፤ እነሱ ደግሞ በመጀመሪያ ጨዋታቸው እርስ በርስ 1 ለ 1 ወጥተው ማንም ልብ ያላላቸው ነበሩ። በካሜሩን በተደረገው ያለፈው አፍሪካ ዋንጫም ዳዋ ሆቴሳ በአዘጋጇ ላይ በ4ኛው ደቂቃ አስቆጥሮ ነበር፤ በ8ኛው ደቂቃ አቻ ሆነ፤ 4 ለ 1 አለቀ። ደስታው ጀበና እስኪፈላ እንኳ አልቆየም።

ቡና የሚያመርት ሰው ይህን ለመረዳት የኳስ ተንታኝ አያስፈልገውም። ቡና በአንድ ዙር አይለቀምም። ፍሬው በአንድ ቅርንጫፍ ላይ እንኳ በእኩል አይቀላም፤ ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ ወደ አንዱ ዛፍ ይመለሱበታል። በመጀመሪያው ለቀማ ቅርጫት የሞላ ዛፍ በሁለተኛው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆኖ የቆየው ደግሞ ቆይቶ ይክሳል። በመጀመሪያው ቅርጫት የዓመቱን ምርት ገምቶ የሚበደር ገበሬ የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ጥንቃቄ ግን ከማሳ ወጥቶ ከተማ ሲደርስ መንገድ ላይ የሚጠፋበት ቦታ አለ። የስፖርት ውርርድ ቤቶች በሐዋሳ ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ ባሉ ከተሞችም ከኳስ ማሳያ ቤቶች አጠገብ ቆመዋል፤ የማይርቅ ስልክም ቤት ሆኖላቸዋል። ዘንድሮ ዋንጫው የመጣው ደግሞ ለቃሚው የቀን ሒሳቡን በሚቀበልበት፣ ገበሬው እሸቱን በኪሎ ሸጦ ብር በሚቆጥርበት፣ ጫኝና አውራጁ፣ የመፈልፈያው ሠራተኛ፣ የባጃጅ ነጂው ሁሉ ከዓመቱ የተሻለ ገንዘብ በኪሱ በሚይዝበት ወር ነው። ኳሱ በሰኔ ሲመጣ ኪስ ባዶ ስለነበር ጉዳቱም ትንሽ ነበር።

ደንበኛን የሚያማልለው የተጣመረው ቲኬት ነው። አንድ ጨዋታ ብቻ መገመት የሚያስገኘው ጥቂት ነው፤ ስድስት ጨዋታ ሲጣመር ግን ማባዣ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ተባዝተው በወረቀቱ ግርጌ የሚጻፈው ብር ሰፋ ይላል። የሚዘነጋው ሥጋቱም አብሮ መባዛቱ ነው። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን የሚሳካለት ጎበዝ ገማች እንኳ ስድስት ጨዋታ ሲያጣምር ስድስቱም የሚሰምሩለት ከ100 ጊዜ በ9ኙ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት ውጤት እንሞክረው ቢባል፣ አርጀንቲናን፣ ዴንማርክን፣ ፈረንሳይን፣ ጀርመንን፣ ስፔንንና ብራዚልን ያጣመረ ሰው ማንም ሞኝ አይለውም ነበር፤ ሁሉም ከተጋጣሚያቸው የበረቱ ተብለው የተገመቱ ናቸው። ሦስቱ አሸነፉ፤ ሦስቱ አላሸነፉም። የስፔን ሰባት ግብ የአርጀንቲናን ቀዳዳ አይደፍንም፤ ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ገበሬ ስድስት የቡና ችግኝ ተክሎ ሁለቱ ቢደርቁበት ከአራቱ ይለቅማል። የተጣመረው ቲኬት ሕግ ግን አንዱ ከደረቀ ስድስቱም ይነቀሉ የሚል ነው። በዚህ ሕግ ችግኝ የሚሸጥ ነጋዴ ወደ ገበያ ቢመጣ ገዢ አያገኝም ነበር። ያሸነፈውም ቢሆን ሁሉንም አይወስድም፤ በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1 ሺህ ብር በላይ የሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት 15 በመቶ ግብር እንዲቆረጥበት ደንግጓል። የተሸነፈ ግን ግብር የለበትም፤ ይህ ብቸኛው እፎይታ ነው።

ደጋፊነትና ውርርድ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ቀልዱም ይለወጣል። የአርጀንቲና ደጋፊ በሽንፈቱ ሦስት ቀን ቢቀለድበት በአራተኛው ቀን አብሮ ይስቃል፤ ያጣው ኩራቱን ነው፤ ኩራት ደግሞ በሚቀጥለው ጨዋታ ይመለሳል። የልጆቹን የደብተር መግዣ ወይም የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ ይዞ ለገባ ሰው ግን የዳኛው ባንዲራ የተነሣችው በሌላ ነገር ላይ ነው። በእርሱ ፊት ስለ ሦስቱ የተሻሩ ግቦች ቀልድ ማውራት ያስቸግራል። የቡና ዋጋ ቢወርድ ገበያው ነው፤ ዝናብ ቢቀር ሰማዩ ነው፤ ይህኛውን ግን ለሚስትና ለእድር ሰዎች እንዴት ብሎ ይነገራል? «አርጀንቲና ከጨዋታ ውጪ ሆነችብኝ» የሚለው ማብራሪያ በየትኛውም የእድር ደንብ ላይ አልተጻፈም።

ሁለተኛው ዙር ዛሬ ዓርብ ይጀምራል። ከቀኑ 10 ሰዓት ሴኔጋል ኳታርን ትገጥማለች፤ አፍሪካ የመጀመሪያ ድሏን የምትጠብቀው እዚህ ነው። እሑድ በዚያው ሰዓት ሞሮኮ ከቤልጂየም ጋር ትጫወታለች፤ ቤልጂየም ካናዳን 1 ለ 0 ያሸነፈችው እያላበች ስለነበር የሞሮኮ ደጋፊ ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። እሑድ ማታ 4 ሰዓት ደግሞ ሰባት ግብ ያገባችው ስፔን የቆሰለችውን ጀርመን ታገኛለች።

ነገ ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት አርጀንቲና ከሜክሲኮ ጋር በዚያው በሉሳይል ትመለሳለች። በከተማዋ ሹራብ ተደርቦባቸው የሰነበቱ ማሊያዎች ይወጣሉ። በዳሌና በአለታ ወንዶ በዚያ ሰዓት የዕለቱ እሸት መፈልፈያ ውስጥ ይሆናል፤ የማሽኑ ድምፅ ሬዲዮውን ስለሚውጠው ውጤቱን የሚጠይቁት ውሃው ከተዘጋ በኋላ ነው።